የእስጢፋኖሱ ነጭ ውሻ

እስጢፋኖስን! ከዚህ በታች የጻፍኩት ሁሉ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እውነት ነው። ካዛንቺስ መጥታችሁ «ኤርሚ ባለ ላዳው» ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ «ያ ቀጣፊ?» ይላችኋል። አትስሟቸው። ከስድስት ኪሎ ያመለጠ አንበሳ በኮንትራት አሳፍሬ ኡራኤል ድረስ ወሰድኩ ያልኩትን ይዘው ነው እስከ ዛሬ የሚያሙኝ። እሱን ለጨዋታ ነው ያወራሁት፤ ደግሞም አንበሳው ኋላ ወንበር ተቀመጠ ነው ያልኩት፣ ጋቢና አላልኩም። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ይሄኛው የልጄ ጉዳይ ነው።

ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። እኔ አልተውኩትም፣ እሱ ነው የተወኝ። ስለዚህ አጻጻፌ ከተንጋደደባችሁ እለፉት፣ ነገሩን ብቻ ያዙልኝ።

ሚሊኒየሙን ያከበርንበት ዓመት ሊያልቅ ነሐሴ ላይ ነው። እሁድ ጠዋት፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ሳሪስ የባለቤቴ የዳናይት አክስት ምሳ ጠርተውን ከካዛንቺስ ተነሳን። ዳናይት ጋቢና አጠገቤ ናት። የአሥር ወር ልጃችን ጦቢያ ጭኗ ላይ ሆና የበሩን እጀታ ለመብላት ትታገላለች።

አሁን ስለ እኔ አሳለም ልንገራችሁ። ሌላው ሹፌር ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ በአንድ እጁ ግንባሩንና ደረቱን ነካ ነካ አድርጎ ይሄዳል። እኔ እንደሱ ስስታም አይደለሁም። መሪውን እለቃለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ሦስት ጊዜ አማትባለሁ፣ ጎንበስ እላለሁ። ላዳዋ እንደሆነች መንገዱን ታውቀዋለች። ጎረቤቴ ሙክታር፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው፣ ጋቢና ከተቀመጠ እስጢፋኖስ ስንደርስ ሳልነግረው እጁን ወደ መሪው ይዘረጋል።

«እስጢፋኖስ ጋ እኮ የምነዳው እኔ ነኝ» ይላል ለሰው። «እኔ ሙስሊሙ! ያውም ያለ መንጃ ፈቃድ!»

ያን እሁድ ሙክታር አልነበረም።

ቁልቁለቱን ወርደን ባምቢስን አለፍን። እስጢፋኖስ ደረስን። መሪውን ለቀቅኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ጊዜ አማተብኩ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ፊቴ ላይ ነጭ ውሻ! ጥጃ የሚያህል፣ አንገቱ ላይ ቃጭል የታሰረለት፣ መሀል አስፋልት ቁጭ ብሎ የሚያየኝ ነጭ ውሻ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩት። ላዳዋ ጮኸች፣ እርጥቡ ላይ ተንሸራተተች፣ ውሻው ዘሎ ጠፋ፣ እኛ ቆምን። የቆምነው ከአንድ የከተማ አውቶቡስ ጀርባ በስንዝር ርቀት ነው። የአውቶቡሱ ጭስ በመስኮት ገባ።

ከዚያ የጦቢያ ልቅሶ መጣ። ግንባሯ ዳሽቦርዱን መትቶ ዓይኔ እያየ አበጠ። መጀመሪያ ሽምብራ አከለ፣ ከዚያ ለውዝ፣ ከዚያ የዶሮ እንቁላል።

«ውሻ ገባብኝ እኮ!» አልኩ።

ዳናይት ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ መንገዱን አየች። ግራ አየች። ቀኝ አየች።

«የቱ ውሻ?»

«ነጩ ነዋ! ቃጭል ያለው!»

ብትጮህብኝ ደግ ነበር። እኔ ለጩኸት መልስ አላጣም። እሷ ግን በነጠላዋ ጫፍ የጦቢያን ፊት ጠረገች፣ በሩን ከፈተች፣ ወረደች፣ ወደ ካዛንቺስ የሚመለስ ሚኒባስ አስቁማ ገባች። እኔ መሀል መንገድ ላይ ክላክስ እየዘነበብኝ ቀረሁ።

ሐኪሙ «እብጠት ብቻ ነው፣ ደህና ናት» አለ። ማታ እራት ላይ ዳናይት እጇን ታጥባ ተቀመጠችና፣

«ጦቢያ ሁለተኛ አንተ መኪና ውስጥ አትገባም» አለች።

«ዳኒ፣ ውሻው እኮ…»

«ውሻ አላየሁም ኤርሚ። ዓይኔ ተገልጦ ነበር። ያንተ ነው የተጨፈነው።»

በቃ።

በማግስቱ የደረሰብኝን ስሙ። ላዳዎች የምንሰለፍበት ከሚኒባሱ ተራ ፊት ለፊት ነው። ዳናይት ጦቢያን አዝላ ልታስከትብ መጣች። ላዳዋን አየቻት። እኔን አየችኝ። «ደህና ዋልክ» አለችኝና ሄዳ የሚኒባሱ ሰልፍ ላይ ቆመች። አርባ ሰው አለ። የባለ ታክሲ ሚስት፣ የባለ ታክሲ ልጅ አዝላ፣ ታክሲ ትጠብቃለች!

ላዳ ነጂው ቡልቻ አፉ አያርፍም። «ኤርሚ! አንበሳ አሳፍረህ ሚስትህን ትተዋለህ?»

ሌላው ቀጠለ፣ «አንበሳው ነው አሉ እንድትቀመጥ ያልፈለገው!»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ካልሳቅሁ ይብስብኛል። ዓይኔ ግን ጦቢያ ላይ ነበር። በእናቷ ትከሻ በኩል ላዳዋን አይታ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ አባቷ መኪና እንዳለው ታውቃለች። ሰልፉ ሄደ፣ ሚኒባሱ ዋጣቸው።

አንድ ሳምንት ቻልኩት። በስምንተኛው ቀን ለመንኳት።

«ምን ላድርግ? ንገሪኝ።»

«ተማር።»

«ምን ልማር? ሦስተኛ መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ አሥራ አንድ ዓመት ነዳሁ።»

«ያኔ የተማርከው መኪና ማስነሳት ነው። አሁን አለመግጨት ተማር።»

ያን ሰሞን «ለነባር ሹፌሮች ከፍተኛ የማሽከርከር ስልጠና» የሚል ወረቀት በየምሰሶው ተለጥፎ ነበር። ምርጫው የኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ስመርጥ አቋራጩን ነው። ቡልቻ ስታዲየም አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ወሰደኝ። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰውዬ።

«ስልጠናው ስንት ቀን ነው?» አልኩት።

«ስምህን ጽፌ እስክጨርስ» አለኝ።

ጻፈ። ማኅተሙን ቧ አደረገው። ዙሪያው ወርቃማ ሐረግ የተሳለበት፣ «በላቀ የአነዳድ ብቃት» የሚል ምስክር ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ፍሬም አስገባሁት፣ ቤት ወስጄ ከሠርጋችን ፎቶ በላይ ሰቀልኩት። ዳናይት ቀርባ አነበበችው። ከነማኅተሙ አነበበችው።

«ይሄ ወረቀት ፍሬን ይይዛል?» አለችኝ።

አወረደችውና የዱቄቱ በርሜል መክደኛ አደረገችው። ልክክ አለ።

ሁለተኛው የሞከርኩት ስልጠና ደምበል አካባቢ ነው። እሱስ እውነተኛ ትምህርት ነበር፣ አልዋሽም። የሚሽከረከር ወንበር፣ ከረባት ያሰረ መምህር፣ ሰሌዳ ላይ የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ መኪኖች። መምህሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛ እየቀላቀለ አስረዳን። ጥሩ ሰው ነው። እኔ ግን ወሬ ብቻ በተሰማ ቁጥር ተንኮል ይነሳብኛል። ዘወር ሲል ሰሌዳው ላይ ያሉትን መኪኖች አጋጭቼ አንዷን ገለበጥኳት።

«ማነው?» አለ።

«ጌታዬ፣ ፍሬን እንቢ ብሏት ነው» አልኩት።

ሰው ሳቀ። በዕረፍት ሰዓት ጠጋ ብዬ «መኪና ላይ መቼ እንወጣለን?» ስለው «በሦስተኛው ወር» አለኝ። በሦስተኛው ወር! ጦቢያ እስከዚያ በእግሯ ትሄዳለች። ወጥቼ ቀረሁ።

ያን ቀን ሙክታር ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ ጭንቀቴን ነገርኩት። መጀመሪያ የዘይት ቆርቆሮውን ደርድሮ ጨረሰ።

«አንድ ሴትዮ አሉ፣ ቂርቆስ» አለ። «እትዬ ሸዋአየሁ ይባላሉ። ወረቀት አይሰጡም። ወንበርም የላቸው። ተማሪ ግን ያስለቅሳሉ።»

«ሴት?»

«ሃያ ሁለት ዓመት የአሰብን መስመር በነዳጅ ቦቴ ተመላልሰውበታል። አንድ ጭረት የለባቸውም። አንድ ጊዜ ቦቴው ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታ፣ አሰብ ደርሳ ተመልሳ፣ ጫጩቶቿን እዚህ ቂርቆስ ፈለፈለች።»

የወፏን ነገር ሙክታር ነው ያለኝ፣ እኔ የለሁበትም።

በማግስቱ ሄድኩ። ቀጭን ናቸው፣ አጭር፣ ስድሳ ያለፋቸው። ነጭ የሀገር ልብስ ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ላዳዋን ዞረው አዩዋት። ጎማዋን በእግራቸው መቱት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ምን አምጥቶህ ነው?»

«ውሻ ገብቶብኝ ልጄ ተመታችብኝ፣ እትዬ።»

«ምን ዓይነት ውሻ?»

«ነጭ።»

«እምም» አሉ።

ገቡና ጋቢና ተቀመጡ። ጭናቸው ላይ ክዳን የሌለው ሳህን አለ። ሳህኑ አፉ ድረስ ቀይ ወጥ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ምሳዬ። አንድ ጠብታ ቀሚሴን ከነካ ታጥበዋለህ። ንዳ።»

ወገኖቼ፣ አሥራ አንድ ዓመት ስነዳ እንደዚያ ቀን ያላበኝ የለም። ከቂርቆስ ወጥተን የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሚኒባስ ደንቀር ሲልብኝ ፍሬን ያዝኩ። ወጡ ተነሳ፣ ሄደ፣ ቀሚሱ ላይ አረፈ። እትዬ ሸዋአየሁ ንቅንቅ አላሉም።

«አንድ ቀሚስ» አሉ።

በዚያ ሳምንት ሦስት ቀሚስ አጠብኩ። ዳናይት ጓሮ ስጨምቅ አየችኝ። አልጠየቀችም፣ ሳሙናውን ብቻ አቀበለችኝ።

ወጡ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ሌላ ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ፣

«እየነዳህ ያየኸውን ተናገር» አሉኝ። «ጮክ ብለህ። ያየኸውን ብቻ።»

እኔ? ወሬ? ደስ አለኝ። ጀመርኩ። «ከፊት ሚኒባስ አለ። በቀኝ አንድ ሰውዬ ቆሟል። በግ ተሸክሟል፣ በጉ መነጽር አድርጓል…»

ዳሽቦርዱን በጥፊ አሉት። «የታለ በጉ?»

«ማለቴ፣ ለማሳመር…»

«አቁም።»

አቆምኩ።

«ስማ። ሹፌርን የሚገድለው ሁለት ነገር ነው። ያላየው ያለ ነገር፣ እና አየሁ ያለው የሌለ ነገር። አንተ ጋ ሁለቱም አለ። ውሻው ምን ዓይነት ነበር አልከኝ?»

«ዳለቻ፣ ነጣ ያለ።»

«እምም። ንዳ።»

እውነት ብቻ ማውራት እንዴት እንደሚያደክም አታውቁትም። «ሴትየዋ ልትሻገር ነው፣ እግሯን አስፋልት ላይ አድርጋለች። ባለ ጋሪው ጀርባውን ሰጥቶኛል፣ አላየኝም። ስፖኪዮ ላይ ነጭ ፒክአፕ ቀርቦኛል።» ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር ገባኝ፤ ላሳምር ብዬ ሳስብ ያለውን አላየውም። በጉን ስፈጥር ሰውየው መንገድ ገብቶ ነበር።

ርቀትም አስተማሩኝ። «ከፊትህ ያለው መኪና ምሰሶውን ሲያልፍ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ በል። ሳትጨርስ አንተም ምሰሶው ጋ ከደረስክ ተጠግተሃል ማለት ነው።» እኔ ጸሎት ለመንዳት እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

አንድ ጠዋት መኪናውን አስቆሙና አስወረዱኝ። ቂርቆስ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። ሰው ይተላለፋል፣ አንድ ሰው አህያ ይነዳል፣ ብስክሌት አለ።

«እስጢፋኖስን ስትሳለም ዓይንህን ለስንት ጊዜ ትጨፍናለህ?»

ከሙክታር ሰምተው ነው። ደነገጥኩ። «ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው።»

«ቁልቁለቱን በምትወርድበት ፍጥነት ሦስት ሰከንድ ሠላሳ ሦስት እርምጃ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ በእግርህ ሂደው። እዚሁ።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ጨፈንኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ የሰው ትከሻ ነካኝ። ስድስተኛው ላይ የብስክሌት ቃጭል በጆሮዬ ሥር አለፈ። ሰባት። መሬቱ የሚከዳኝ መሰለኝ። ያ ክፍት ቱቦ በየት በኩል ነበር? ስምንት። አህያዋ እየመጣች ነው፣ ኮቴዋ ይሰማኛል፣ ቀርባለች። ዘጠነኛው ላይ ዓይኔን ገለጥኩ። ቱቦው ከጫማዬ ፊት ነበር።

«ዘጠኝ» አሉ እትዬ ሸዋአየሁ ከኋላዬ። «ያውም በእግርህ፣ ብቻህን። ልጅ ይዘህ ሠላሳ ሦስት ትሄዳለህ።»

ተመልሼ ላዳዋ ውስጥ ገብቼ መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። የጦቢያ ግንባር መጣብኝ። ቤተ ክርስቲያን ጋ ሳላማትብ ካለፍኩ አምላክ አይቆጣም እንዴ ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ገብርኤልን የሚዘክሩ ሰው ናቸው።

«መሳለም አማረህ?» አሉ። «ፍሬቻ አሳይ፣ ዳር ያዝ፣ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ውረድ፣ መሬት ሳም ከፈለግክ። ማን ከለከለህ? እየነዳህ ግን ሁለቱም እጅህ የተሳፋሪው ነው።»

አንድ ወር ሊሞላ ሲል «ፈተናው መቼ ነው?» አልኳቸው።

«እኔ አልፈትንም። ጥቅምት አሥራ ሰባት ሚስትህን ይዘህ ና። በእስጢፋኖስ በር ታሳልፈናለህ።»

ጥቅምት አሥራ ሰባት! የዓመቱ ንግሥ! ያን ቀን እስጢፋኖስ በር ሰው ከአስፋልቱ ይበልጣል። ሆን ብለው ነው።

ዳናይትን ለማሳመን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ «እሺ፣ እኔ እመጣለሁ» አለች። «ጦቢያ ግን ሰብሪና ጋ ትቆያለች።» ሰብሪና የሙክታር ሚስት ናት። ስንወጣ ጦቢያ በሰብሪና ክንድ ላይ ሆና ላዳዋን እያየች እጇን ዘረጋች። አሁንም!

እትዬ ሸዋአየሁን ከቂርቆስ አንስተን በካዛንቺስ በኩል ዞርን፤ እሳቸው ጋቢና፣ ዳናይት ኋላ። ሳህን የለም። ዳናይት የለበሰችው የክት ቀሚሷን ነው፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራለች። በስፖኪዮ ሳያት ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ዓይኗን ቀድማ መለሰች።

«ያየኸውን ተናገር» አሉ እትዬ።

«ከፊቴ ነጭ ሚኒባስ» አልኩ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ። ርቀቱ ይበቃል። በግራ ሁለት ሴቶች ነጠላ ለብሰዋል፣ ሊሻገሩ ያያሉ። እግሬ ፍሬን ላይ ነው። ተሻገሩ። ስፖኪዮ ላይ አንድ ሚኒባስ አለ፣ ተጠግቶናል።»

ባምቢስን አለፍን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ነጭ በነጭ ሆነ። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ጥላ። የከበሮው ድምፅ በመስኮት ገባ። እልልታው ሲነሳ እጄ መሪው ላይ ቀለለብኝ። አሥራ አንድ ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ ሳያማክረኝ ወደ ግንባሬ ሊሄድ ተነሳ።

«ቤተ ክርስቲያኑ በጎናችን ነው» አልኩ። «እጄ… ሁለቱም እጄ መሪው ላይ ነው። ዓይኔ ተገልጧል።»

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከሰዉ እግር መሀል አንድ ነገር ወጣ፣ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ፊት ጎማዬ።

«ውሻ!» አልኩ።

ፍሬኑን አልደቆስኩትም። ረገጥኩት፣ እንደ ወጡ ሳህን፣ ቀስ እያለ የሚጠብቅ። ቆምን። ማንም ወደ ፊት አልተወረወረም።

ከፊታችን ምንም የለም። ባዶ አስፋልት። ከፊታችን የነበረው ሚኒባስ ሄዷል። ውሻው ከኮፈኑ ሥር ነው፣ ከኔ በቀር ያየው የለም።

በስፖኪዮ ዳናይትን አየኋት። ፊቷ ተለወጠ። ያን እሁድ ያየሁት ፊት ነው።

«ኤርሚ» አለች ዝግ ብላ። «ደግሞ ውሻ?»

ከኋላ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ለቀቀው። ሌሎቹ ተከተሉት። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አንተ ላዳ! ንግሡን ከዚህ ሆነህ ነው የምታከብረው? ንዳ እንጂ!» አለ። ንዳ! ሰዉ ሁሉ ንዳ ይላል። አንድ ጊዜ ፍሪሲዮን ብለቅ እገላገላለሁ፣ ጩኸቱም ይቆማል፣ ሚስቴም «ውሸቱን ነበር» ብላ ትቀራለች። ከሥራችን ግን ነፍስ አለ።

«ምን ዓይነት ነው?» አሉ እትዬ ሸዋአየሁ። እሳቸው አጭር ስለሆኑ ከኮፈኑ ፊት ዝቅ ያለው አይታያቸውም።

አፌ ሊያሳምር ተነሳ። ያዝኩት።

«ቡናማ» አልኩ። «ትንሽ። ጅራቱ ቆራጣ። ቃጭል የለውም። ከቀኝ ጎማው ፊት ገባ፣ አልወጣም። አልንቀሳቀስም።»

ክላክሱ ባሰ። አንድ ሰው የኋላውን ክዳን በመዳፉ ደበደበው። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ። አንድ ጊዜ አልኩት፣ ሁለት ጊዜ አልኩት፣ አራት ጊዜ አልኩት። ውሻው የለም። ምናልባት በሌላ በኩል ወጥቶ ሄዷል። ምናልባትም፣ እግዜር ይይላችሁ፣ እኔ ራሴ ዛሬም ፈጠርኩት እንዴ ብዬ ተጠራጠርኩ።

ከዚያ በዳናይት መስኮት በኩል አንድ ቡናማ አፍንጫ ብቅ አለ። ቀጥሎ ጆሮ። ቀጥሎ አጥንቱ የሚቆጠር ቡናማ ውሻ፣ ጅራቱ ቆራጣ፣ ከላዳዋ ሥር ተስቦ ወጣ። እግረኛው መንገድ ላይ ወጣና ተቀምጦ ጆሮውን ማከክ ጀመረ። ማን ክላክስ እንዳደረገ፣ ማን እንደዳነ ምኑም አይደል።

ዳናይት መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ውሻውን ረጅም ጊዜ አየችው። እያየችው ትከሻዋ ወረደ።

«ቡናማ ነው» አለች።

የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ። «ከፊት መንገዱ ባዶ ነው» አልኩ። «ስፖኪዮ ላይ የተናደደ ሚኒባስ። እየተነሳሁ ነው።»

በእስጢፋኖስ በር በኩል ስናልፍ እጄ መሪው ላይ እየነደደ ቀጥ ብዬ ነዳሁ። በስፖኪዮ ግን አየኋት። ዳናይት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረች፣ አማተበች፣ ጎንበስ አለች። ቀና አለች። ደግሞ አማተበች፣ ደግሞ ጎንበስ አለች።

«የመጀመሪያው የኔ ነው» አለች ለእትዬ ሸዋአየሁ። «ሁለተኛው የሹፌሩ።»

እትዬ ሸዋአየሁ «እምም» አሉ። ይሄኛው ግን ሌላ እምም ነበር።

መስቀል አደባባይን ዞረን እሳቸውን ቂርቆስ ደጃፋቸው አወረድናቸው። ዳናይት ከኋላ ወርዳ ጋቢና ልትገባ ስትል እትዬ «አይ፣ ልጅ ያለሽ ሰው ከኋላ ነሽ» ብለው መለሷት። ከዚያ ቂርቆስን ለቀን ስንወጣ ዳናይት በወንበሩ መሀል ጠጋ አለችና፣

«ኤርሚ፣ የነሐሴው ውሻ ምን ዓይነት ነበር?» አለችኝ።

መንገዱን እያየሁ፣ ሁለት እጄ መሪው ላይ ሆኖ፣ መለስኩላት። የመለስኩላትን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

«በሰብሪና በኩል ሂድ» አለች ከዚያ። «ጦቢያን እንውሰዳት።»

ሙክታር ሱቅ በር ላይ ስናቆም ጦቢያ ላዳዋን አየች። እጇን ዘረጋች። ዳናይት ተቀበለቻት፣ ኋላ ወንበር ይዛት ገባች፣ በሩን ዘጋችው። ሙክታር መስኮቴን አንኳኩቶ «ከእንግዲህ እኔ እስጢፋኖስ ጋ ሥራ ፈታሁ ማለት ነው?» አለኝ። በላዳዎቹ ተራ ፊት ስናልፍ ቡልቻን አየሁት። አፉን ከፍቶ ቀረ። ክላክስ አላደረግኩበትም፣ እጄ ሥራ ላይ ነበር።

እንግዲህ እስጢፋኖስን ምዬ ነው የጀመርኩት፤ በሱ ስም ምዬ ደብቄ አልሄድም። ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። ወጡ እውነት ነው፣ ዘጠኙ እርምጃ እውነት ነው፣ ቡናማው ውሻ ከነቆራጣ ጅራቱ እውነት ነው። ያን እሁድ ግን፣ ለዳናይትም እንደመለስኩላት፣ ነጭ ውሻ አልነበረም። ምንም ውሻ አልነበረም። ዓይኔን ስገልጥ ያየሁት የአውቶቡሱን ጀርባ ብቻ ነው።